ድምፅ የሚሰጠው የተመዘገበ ነው፦ የአካባቢ ምርጫ ከመዝገቡ እስከ ድምፅ መስጫ ሳጥኑ

አርሶ አደሩ የእርሻ ድንበር ክርክር ሲገጥመው፣ የማዳበሪያ ስርጭት ሲዘገይበት ወይም የመስኖ ውኃ ተራ ሲያከራክረው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀበሌው ነው። የከተማ ነዋሪውም የውኃ መስመር ሲቋረጥ፣ የሰፈሩ መንገድ ሲበላሽ ወይም የይዞታ ማረጋገጫ ጉዳዩ ሲጓተት የሚያንኳኳው የቀበሌውንና የከተማ አስተዳደሩን በር ነው። በእነዚህ በሮች ውስጥ የሚሠሩትን ኃላፊዎች የሚሰይሙትና የሚቆጣጠሩት ምክር ቤቶች ናቸው። የምክር ቤቶቹ አባላት ደግሞ በአካባቢ ምርጫ ይመረጣሉ።

የአካባቢ ምርጫ በሀገር አቀፍ ደረጃ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዷል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ግን ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ በተሰጠበት 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አባላት ቢመረጡም፣ በክልሎች የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ አብሮ አልተካሄደም። በ2005 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ልጅ ቤተሰብ መሥርቶ፣ መሬት ተረክቦ ወይም ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ሳለ ለቀበሌው ምክር ቤት አንድ ጊዜም ድምፅ ሰጥቶ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ትውልድ የምርጫው ሥርዓት አዲስ ነው፤ ከዚህ ቀደም የመረጡትም ቢሆኑ ሕጉ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ስለተለወጠ ሥርዓቱን እንደገና ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

የአካባቢ ምርጫ የሚባለው የትኛው ነው?

ምርጫን የሚመራው ሕግ የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። አዋጁ ምርጫዎችን ጠቅላላ ምርጫ፣ የአካባቢ ምርጫ፣ ማሟያ ምርጫና ድጋሚ ምርጫ በማለት ይለያቸዋል። በጠቅላላ ምርጫ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች አባላት ይመረጣሉ። በአካባቢ ምርጫ ደግሞ እንደየክልሉ አደረጃጀት የዞን፣ የወረዳ፣ የከተማ፣ የክፍለ ከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ይመረጣሉ። በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮችም የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው።

የወረዳ ምክር ቤት የወረዳውን ዓመታዊ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ ዋና አስተዳዳሪውን ይሰይማል፤ ጽሕፈት ቤቶች ሥራቸውን መሥራታቸውን ይቆጣጠራል። ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት ጥገና ወይም ለገጠር መንገድ ከወረዳው በጀት ምን ያህል እንደሚመደብ የሚወሰነው በዚህ ምክር ቤት ነው። የቀበሌ ምክር ቤትም በደረጃው ተመሳሳይ ሥራ ያከናውናል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ የደነገገው እነዚህን ምክር ቤቶች በማሰብ ነው።

ምርጫውን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። ቦርዱ በክልል ደረጃ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች፣ በየምርጫ ክልሉ አስተባባሪዎች፣ በየምርጫ ጣቢያው ደግሞ አስፈጻሚዎች አሉት። የቀበሌ አስተዳደር መታወቂያ ይሰጣል እንጂ መራጭ አይመዘግብም፤ ድምፅም አይቆጥርም። ነዋሪው ይህን ልዩነት ማወቁ ስለ ምዝገባም ሆነ ስለ አቤቱታ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያመለክተዋል።

በመራጭነት መመዝገብ የሚችለው ማን ነው?

አንድ ሰው በመራጭነት ለመመዝገብ 3 ነገሮችን ማሟላት አለበት። ኢትዮጵያዊ ዜጋ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት የሞላው መሆንና በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን ናቸው። በአእምሮ ሕመም ምክንያት መወሰን የማይችል ሰውና የመምረጥ መብቱ በሕግ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ የተገደበ ሰው አይመዘገቡም። ከዚህ ውጪ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት በብሔር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በሌላ አቋም ልዩነት ምክንያት ማንም ከመምረጥ አይከለከልም። መሬት የሌለው ወጣት፣ በሰው ቤት በተቀጣሪነት የምትኖር ሠራተኛ፣ ተከራይ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል አዛውንት ሁሉም እኩል አንድ መራጭ ናቸው።

ከ3ቱ መስፈርቶች ብዙ ጥያቄ የሚያስነሣው የ6 ወሩ ነዋሪነት ነው። ወደ ሌላ ወረዳ ያገባች ሴት፣ ከገጠር ወደ ከተማ ገብቶ ሥራ የጀመረ ወጣት፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ አዲሱ መኖሪያው የሚገኝበት የምርጫ ክልል የትኛው እንደሆነና እዚያ 6 ወር የሞላው መሆኑን አስቀድሞ ማስላት አለበት። የምርጫ ክልል ወሰን እንደ ምርጫው ዓይነት ሊለያይ ስለሚችል፣ የሚጠራጠር ሰው የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ የምርጫ ጣቢያውን አስፈጻሚዎች መጠየቁ ይበጀዋል። በሁለት ቦታ መመዝገብ ግን መፍትሔ አይደለም፤ አንድ ሰው በአንድ ምርጫ ጣቢያ ብቻ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከአንድ ቦታ በላይ መመዝገብ በሕግ ያስጠይቃል።

ማስረጃ ማዘጋጀት

በምዝገባ ዕለት ነዋሪው ማንነቱን፣ ዕድሜውንና ነዋሪነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል። በብዛት የሚያገለግለው የቀበሌ መታወቂያ ነው። ይህ ከሌለ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ሌላ ማንነትን የሚያረጋግጥ ሰነድ ሊቀርብ ይችላል። ምንም ሰነድ የሌለው ሰው፣ በተለይም በገጠር፣ በአካባቢው በሚያውቁት ነዋሪዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት አሠራር አለ። በዚህ መንገድ ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የምስክሮቹ ብዛትና ሁኔታ በወቅቱ መመሪያ እንዴት እንደተወሰነ ከጣቢያው ይጠይቅ፤ ከዚያም ምስክሮቹን ይዞ ይሂድ። እንዲህ ካደረገ በተደጋጋሚ ከመመላለስ ይድናል።

መታወቂያ የጠፋበት፣ የደበዘዘበት ወይም ያላሳደሰ ነዋሪ የምዝገባው ሳምንት እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። በዚያ ሳምንት የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች በባለጉዳይ ይጨናነቃሉ። ባልና ሚስት በአንድ መታወቂያ አይመዘገቡም፤ እያንዳንዱ በራሱ ስምና ማስረጃ ይቀርባል። በባል ስም ብቻ የሚታወቁ ቤተሰቦች ባሉበት አካባቢ ሚስት የራሷ መታወቂያ እንዲኖራት ማድረግ የመምረጥ መብቷን ከማስከበር የሚጀምር እርምጃ ነው።

በምዝገባው ዕለት የሚፈጸመው

ምዝገባ የሚካሄደው ነዋሪው ድምፅ በሚሰጥበት በዚያው ምርጫ ጣቢያ ነው። ጊዜውን ቦርዱ በሚያወጣው የጊዜ ሰሌዳ ያሳውቃል። በ2013 ዓ.ም. በብዙ ቦታዎች ጣቢያዎች በወቅቱ ባለመከፈታቸው የምዝገባው ጊዜ ተራዝሞ ነበር፤ ይሁንና መራዘሙን ተማምኖ መዘግየት አያዋጣም። በአንድ ጣቢያ ሊመዘገብ የሚችለው መራጭ ቁጥርም በ1,500 የተገደበ በመሆኑ ዘግይቶ የመጣ ሰው ጣቢያው ሞልቶ ሊጠብቀው ይችላል።

ምዝገባው በአካል ነው። አባት ለልጁ፣ ባል ለሚስቱ፣ አሠሪ ለሠራተኛው ሊመዘግብ አይችልም። ነዋሪው ወደ ጣቢያው ሲገባ አስፈጻሚው ማስረጃውን ይመለከታል፤ ስሙን፣ ዕድሜውንና አድራሻውን በመራጮች መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ነዋሪው በመዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ መፈረም የማይችል በጣት አሻራው ያረጋግጣል። ከዚያም የመራጭነት መታወቂያ ካርድ ይሰጠዋል። ለዚህ ሁሉ አንድም ሳንቲም አይከፈልም።

ካርዱን ተቀብሎ ከጣቢያው ከመውጣት በፊት 2 ነገሮችን ማየት ይገባል። አንደኛው ስም ከነአባትና ከነአያት በትክክል መጻፉ ነው፤ በተለይ ተመሳሳይ ስም በሚበዛበት መንደር የአያት ስም መሳሳት በድምፅ መስጫው ቀን ሌላ ሰው ያስመስላል። ሁለተኛው በካርዱ ላይ የተጻፈው የምርጫ ጣቢያ መጠሪያ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን ሰው እዚያው እንዲያነብለት ይጠይቅ። ስሕተቱ በዚያው ሰዓት በደቂቃዎች ይታረማል፤ ከቆየ ግን አቤቱታ ይሆናል።

ካርዱ የመራጩ ነው። የፓርቲ አባል፣ የቀበሌ ኃላፊ፣ አሠሪ ወይም የቤተሰብ አባል «እኔ ላስቀምጥልህ» ብሎ ሊሰበስበው አይገባም። ቁጥሩን መዝግቦ መውሰድም እንዲሁ። ካርዱ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ መራጩ የድምፅ መስጫው ቀን ሳይደርስ ወደ ተመዘገበበት ጣቢያ ሄዶ ማሳወቅ አለበት።

መዝገቡ ለሕዝብ ሲቀርብ

ምዝገባው ሲጠናቀቅ የመራጮች መዝገብ ለተወሰኑ ቀናት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ብዙ ሰው ካርድ መያዙን በቂ አድርጎ ስለሚቆጥር ይህን ቀን አያስታውሰውም። የእድር አባል ወርኃዊ መዋጮውን መክፈሉ ብቻ እንደማይበቃውና በእድሩ መዝገብ መስፈሩን እንደሚያይ ሁሉ፣ መራጩም በዚህ ጊዜ ሄዶ ስሙን በመዝገቡ ላይ ማየት ይኖርበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መዝገቡ የሚቀርበው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ስም እንዲፈልግ ብቻ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ያልኖረ ሰው ተመዝግቦ፣ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ገብቶ ወይም የሞተ ሰው ስም ሰፍሮ ያገኘ ነዋሪ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያውቅበት ቀበሌ ከነዋሪዎቹ ዓይን የተሻለ አጣሪ የለም።

መመዝገብ የተከለከለ ሰው ወይም ሌላው ያለ አግባብ ተመዝግቧል የሚል ነዋሪ በመጀመሪያ አቤቱታውን የሚያቀርበው በምርጫ ጣቢያው ለሚገኘው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። በውሳኔው ካልተስማማ በምርጫ ክልል ደረጃ ላለው ኮሚቴ፣ ከዚያም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። አቤቱታን በጽሑፍ ማቅረብና የተሰጠውን ውሳኔ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል፤ ቀጣዩ አካል የሚመለከተው የተጻፈውን ነውና። ለየደረጃው የተወሰነው ጊዜ አጭር ስለሆነ አቤቱታ ያለው ሰው በነገ ዛሬ ሊያሳልፈው አይገባም።

ከምዝገባ እስከ ድምፅ መስጫው ቀን

በዚህ ጊዜ ፓርቲዎችና የግል ዕጩዎች የምረጡኝ ቅስቀሳ ያደርጋሉ። በአካባቢ ምርጫ ዕጩው ብዙውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ በገበያ የሚገናኙት፣ በደቦ አብረው የሠሩ፣ በእድር አብረው የተቀመጡ ይሆናል። ይህ መልካም ጎን አለው፤ መራጩ የዕጩውን ጠባይና የሥራ ታሪክ ከማንም ሳይሰማ ያውቃል። ሸክምም አለው፤ ዝምድናና ይሉኝታ ድምፅን ሊጎትቱ ይችላሉ። ዕጩውን ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ወል መሬት ወይም ስለ ሰፈር መብራት ምን ሊሠራ እንዳሰበ በአደባባይ መጠየቅ ከዝምድና ይልቅ ሥራን ለመመዘን ይረዳል።

ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ የሴፍቲኔት ድጋፍ፣ የብድር አገልግሎት ወይም የቀበሌ መሸኛ ደብዳቤ ለድምፅ ምላሽ የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። «ካልመረጥከን ይቀርብሃል» የሚል ማስፈራሪያም ሆነ «ከመረጥከን ይደርስሃል» የሚል መደለያ ሕገ ወጥ ነው። ድምፅን በገንዘብ መግዛትም መሸጥም ወንጀል ነው። ከሁሉም በላይ ግን መራጩን የሚጠብቀው የድምፁ ምስጢራዊነት ነው፤ ምን እንደመረጠ ማንም ሊያውቅበት አይችልም።

ቅስቀሳ ከድምፅ መስጫው ቀን 4 ቀናት አስቀድሞ ይቆማል። ይህ የጥሞና ጊዜ የሚባለው ነው። ሰው የሰማውን አሰላስሎ ያለ ጫጫታ እንዲወስን የተተወ በመሆኑ በእነዚህ ቀናትና በድምፅ መስጫው ዕለት መቀስቀስ የተከለከለ ነው።

በድምፅ መስጫው ዕለት

ጣቢያዎች የሚከፈቱት ጠዋት በ12 ሰዓት ሲሆን የሚዘጉት ማታ በ12 ሰዓት ነው። መዝጊያው ሰዓት ሲደርስ በሰልፍ ላይ ያሉ መራጮች ድምፅ ሳይሰጡ አይመለሱም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰልፉ በመርዘሙ ቦርዱ ድምፅ መስጫውን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዝሞት ነበር፤ ነገር ግን ይህ የዚያ ቀን ውሳኔ ነበር። ቀኑ በእርሻ ወቅት ከዋለ የቤተሰቡ አባላት ከብት የሚጠብቅና ልጅ የሚይዝ ሰው በመተካካት በተራ መሄድ ይችላሉ።

መራጩ የመራጭነት ካርዱንና ማንነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይይዛል። የጦር መሣሪያ ይዞ ወደ ጣቢያው መቅረብ የተከለከለ ነው፤ መሣሪያ መታጠቅ በተለመደበት አካባቢ የሚኖር አርሶ አደር በዚያ ቀን መሣሪያውን ቤት ትቶ ይሄዳል። የፓርቲ ምልክት ያለበት ልብስ ለብሶ ወይም ጠጥቶ መቅረብም አይፈቀድም። በሰልፍ ላይ ለነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ለያዙ እናቶች፣ ለአዛውንቶች፣ ለሕሙማንና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጣል።

በውስጥ ያለው ሥርዓት በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1. አስፈጻሚው ካርዱን ይመለከታል፤ መራጩ ቀደም ሲል ድምፅ አለመስጠቱን ለማረጋገጥ ጣቶቹን ያያል።

2. የመራጩ ስም በመዝገቡ ላይ ይፈለጋል፤ ሲገኝ መራጩ ከስሙ ጎን ይፈርማል ወይም የጣት አሻራውን ያኖራል።

3. በቀላሉ የማይለቅ ቀለም ጣቱ ላይ ይቀባል። ይህ ያው ሰው ዳግመኛ እንዳይመርጥ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

4. የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጠዋል። ከአንድ በላይ ምክር ቤት የሚመረጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ የተለየ ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱ በአስፈጻሚው መረጋገጡን መራጩ ያይ።

5. ብቻውን ወደ ምስጢራዊው የድምፅ መስጫ ቦታ ገብቶ ምልክቱን ያደርጋል፤ ወረቀቱን አጥፎ ይወጣል።

6. ወረቀቱን በሁሉም ፊት፣ ለየምክር ቤቱ በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ራሱ ይከትታል።

ምልክት ማድረግ

በወረቀቱ ላይ የዕጩዎች ስምና የመወዳደሪያ ምልክት ታትሟል። ማንበብ የማይችል መራጭ ምልክቱን አይቶ ይለያል፤ ስለዚህ የሚመርጠው ዕጩ ምልክት የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ አለበት። መራጩ ከመረጠው ዕጩ ትይዩ ባለው ባዶ ቦታ የ«ኤክስ» ምልክት ያደርጋል ወይም የጣት አሻራውን ያኖራል።

የአካባቢ ምርጫ ከጠቅላላ ምርጫ በጉልህ የሚለየው በዚህ ላይ ነው። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ይመረጣል። በቀበሌና በወረዳ ምክር ቤት ግን ከአንድ ምርጫ ክልል ብዙ ተወካዮች ሊመረጡ ይችላሉ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በመላ ሀገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበሮች ለውድድር ቀርበው የነበሩት የቀበሌ ምክር ቤቶች ብዙ አባላት እንዲኖሯቸው በመደረጉ ነው። ስለዚህ መራጩ ወረቀቱን ይዞ ከመግባቱ በፊት «ለዚህ ምክር ቤት ስንት ዕጩ መምረጥ ይፈቀዳል?» ብሎ አስፈጻሚውን መጠየቅ አለበት። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ዋጋ ያጣል። አሸናፊዎቹ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ናቸው፤ ስለዚህ በቀበሌ ደረጃ ጥቂት ድምፆች ውጤት ሊለውጡ ይችላሉ።

ሌሎችም ወረቀትን የሚያበላሹ ስሕተቶች አሉ። የመራጩን ማንነት የሚገልጽ ስም ወይም ፊርማ መጻፍ፣ የትኛው ዕጩ እንደተመረጠ በማይለይበት ሁኔታ በሁለት ዕጩዎች መካከል ምልክት ማድረግ እና ወረቀቱን ባዶውን መክተት ከእነዚህ መካከል ናቸው። የተሳሳተ መራጭ ወረቀቱን ወደ ሳጥኑ ሳይከት ለአስፈጻሚው መልሶ ሌላ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የሚታረም ነገር የለም።

ርዳታ ለሚያስፈልገው መራጭ

ዓይነ ስውር የሆነ ወይም በእጁ ምልክት ማድረግ የማይችል መራጭ የሚያምነውን ረዳት ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ይችላል። ረዳቱ ዕጩ ወይም የፓርቲ ወኪል ሊሆን አይችልም፤ ያየውን ምርጫም ለማንም መናገር የለበትም። ማንበብ አለመቻል ብቻውን ሌላ ሰው ለማስገባት ምክንያት እንዳይሆን ምልክቶቹ ተዘጋጅተዋል፤ ሥርዓቱን ያልተረዳ መራጭ ግን ወደ ምስጢራዊው ቦታ ከመግባቱ በፊት አስፈጻሚው እንዲያስረዳው መጠየቅ መብቱ ነው። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ «እኔ ላድርግላት» ብሎ ተከትሎ መግባት አይፈቀድለትም።

ከቀዬአቸው ርቀው የሚገኙ

ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ ድምፁን መስጠት የሚችለው በተመዘገበበት ጣቢያ እንጂ በሄደበት እርሻ አይደለም። በደብዳቤም ሆነ በተወካይ ድምፅ መስጠት የለም። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳው ሲታወቅ የጉዞውን ጊዜ ከምዝገባውና ከድምፅ መስጫው ቀን ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ለሠራዊት አባላት፣ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለሚኖሩ ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያዎች የሚቋቋሙበት የሕግ አግባብ አለ። እነዚህ ጣቢያዎች በየትኛው ቦታ እንደሚከፈቱና ለየትኛው ምክር ቤት ድምፅ እንደሚሰጥባቸው ቦርዱ ለየምርጫው ያሳውቃል። በጸጥታ ምክንያት ድምፅ መስጠት ያልተቻለባቸው ቦታዎችም በ2013 ዓ.ም. ነበሩ፤ እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ነዋሪ የምርጫውን ቀን በተመለከተ መከተል ያለበት ቦርዱ የሚያወጣውን መግለጫ እንጂ ወሬን አይደለም።

ሳጥኑ ሲከፈት

ድምፅ መስጠቱ ሲያበቃ ቆጠራው በዚያው ጣቢያ ይካሄዳል። ሳጥኑ የሚከፈተው የፓርቲና የዕጩ ወኪሎች እንዲሁም ታዛቢዎች ባሉበት ነው። የወረቀቶቹ ብዛት ድምፅ ከሰጡት መራጮች ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ ዋጋ ያላቸውና የሌላቸው ይለያሉ፤ ለእያንዳንዱ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ ይቆጠራል። ውጤቱ በቅጽ ሰፍሮ ከተፈረመበት በኋላ በጣቢያው ላይ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ከዚያም ወደ ምርጫ ክልሉ ይላካል።

የተለጠፈው ወረቀት ለነዋሪው ትልቅ ትርጉም አለው። ከጣቢያው የወጣው ቁጥር በኋላ በምርጫ ክልል ደረጃ ከሚገለጸው ጋር መስማማቱን ማንም ሰው ሊያነጻጽር ይችላል። ልዩነት ያየ ዕጩ ወይም ወኪል በተወሰነው ጊዜ አቤቱታ ያቀርባል። ውጤቱን የሚያጸናው ግን ቦርዱ ነው፤ ከዚያ በፊት በሰፈርም ሆነ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነገረው የመጨረሻ ውጤት ተደርጎ አይወሰድም።

በአጭሩ

የአካባቢ ምርጫ ሲታወጅ እያንዳንዱ ነዋሪ ራሱን 5 ጥያቄዎች ይጠይቅ። በዚህ ምርጫ ክልል 6 ወር ኖሬአለሁ? መታወቂያዬ ዝግጁ ነው? በአካል ሄጄ ተመዝግቤ ካርዴን ራሴ ይዣለሁ? መዝገቡ ለሕዝብ ሲቀርብ ስሜን አይቻለሁ? ለየምክር ቤቱ ስንት ዕጩ እንደምመርጥ አውቃለሁ? ለአምስቱም «አዎ» የሚል ሰው በድምፅ መስጫው ቀን የሚቀረው ሰልፍ መያዝ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱን የዘለለ ግን፣ ለቀበሌው ምክር ቤት ድምፅ ለመስጠት ዓመታት ጠብቆ፣ በጣቢያው ደጃፍ ላይ ስሙ በመዝገብ ሳይገኝ ሊመለስ ይችላል።